የላኩልኝን አቤቱታ ገና አልጻፍኩትም

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ልጆቹም ደህና ናቸው፤ ትንሿ «አባባ መቼ ይመጣሉ?» እያለች በየማታው ትጠይቀኛለች። ሐዋሳ እንደ አዳማ ባይፋጅም ሰሞኑን ከሐይቁ በኩል የሚመጣው ንፋስ ጠፍቶብን በር ከፍተን ነው የምናመሸው።

በሹፌሩ እጅ የላኩት ፖስታ ማክሰኞ ማታ ደረሰኝ። አራቱንም ገጽ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የእጅ ጽሑፍዎ ዛሬም ያው ነው፤ መስመሩ አይዛነፍም፣ ስርዝ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ከላይ «በኮምፒውተር አስጽፈሽ ሦስት ቅጂ ላኪልኝ» ብለውኛል። እስከ ዛሬ አልጻፍኩትም። ምክንያቱን በስልክ ልነግርዎ ነበር፤ ነገር ግን በዚህ ጉዳይ በስልክ ስንነጋገር እርስዎ ቶሎ ይቆጣሉ፣ እኔም ቶሎ ሆዴ ይባባል። ስለዚህ ተቀምጬ መጻፍ ይሻለኛል አልኩ።

ሐሳባችሁ ገብቶኛል። ከደመወዝተኛውና ከጡረተኛው እየተቆረጠ የሚዋጣው የማኅበራዊ ጤና መድህን ጉዳይ ተመልሶ ወደ ሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከመጣ፣ የመረጣችሁት ተወካይ እጁን ለተቃውሞ እንዲያነሣ የሰፈሩ ጡረተኞች በፊርማችሁ ልትጠይቁት ነው። የዚህ መድህን አዋጅ ቁጥር 690 በ2002 ዓ.ም. ሲወጣ እርስዎ ገና በሥራ ላይ ነበሩ። በኋላ በወጣው ደንብ ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪው 3 በመቶ፣ ጡረተኛው ከአበሉ 1 በመቶ፣ በጡረተኛው ላይ ደግሞ መንግሥት 1 በመቶ እንዲያዋጡ ተባለ። ከዚያ ወዲህ ያለውን እርስዎም ያውቁታል። ሊጀመር ነው ይባላል፣ ሠራተኛው ያጉረመርማል፣ ይተላለፋል፤ ደግሞ ሊጀመር ነው ይባላል። ወንድሜም ባለፈው ፋሲካ በእርስዎ ቤት ምሳ ላይ ስለዚህ ነገር ስንከራከር ጉርሻውን አስቀምጦ ተነሥቶ ወጥቷል። መምህር ነው፤ ደመወዙ ከወር ወር አያደርሰውም፤ 3 በመቶ ቢነካበት ከየት እንደሚያመጣው አላውቅም። አልፈርድበትም።

የእርስዎ ሁለተኛ ገጽም እውነት ነው። «ገንዘባችን ተቆርጦ መድኃኒት ከሌለ ምን ረባን?» ብለው ጽፈዋል። ይህን የምመሰክረው በሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት ከመስኮቱ ወዲህ ሆኜ «የለም» የምለው ሰው እኔው ስለሆንኩ ነው።

ባለፈው ወር አንዲት እናት ከገጠር ቀበሌ መጡ። ገበሬውና የወር ደመወዝ የሌለው ሰው የሚያዋጣበት የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አባል ናቸው። መታወቂያቸውን በፌስታል ጠቅልለው፣ ፌስታሉን በመሐረብ ቋጥረው ከጉያቸው አወጡት። ቋጠሮው ጠብቆ እንቢ ሲላቸው በጥርሳቸው ፈቱት። ሐኪሙ ሦስት ዓይነት መድኃኒት አዞላቸዋል፤ የነበረን አንዱ ብቻ ነው። ሁለቱን «የለም» አልኳቸውና ማዘዣው ላይ ጻፍኩበት፤ ከውጭ እንዲገዙ ማለት ነው። እሳቸው ግን አልሄዱም። አንገታቸውን በመስኮቱ አስግገው መደርደሪያውን ከዳር እስከ ዳር አዩት፤ ከዚያ ጥግ ላይ ወዳለው ካርቶን በጣታቸው እያመለከቱ «ያኛውስ ልጄ?» አሉኝ። ያኛው ጓንት ነበር። ጓንት መሆኑን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቅንቀው መታወቂያቸውን መልሰው ጠቀለሉት፤ ፌስታሉን አጠፉ፣ መሐረቡን ቋጠሩ፣ ቀስ ብለው ወጡ። ሌሊት ሁሉ ያ ቋጠሮ ነው በዓይኔ ላይ የዞረው።

መደርደሪያው ለምን ባዶ እንደሚሆን ደግሞ ልንገርዎ፤ ሰው ሁሉ በሌብነት ይመስለዋል። ሆስፒታሉ አባሉን ያክምና ሒሳቡን ለመድህኑ ይልካል። መድህኑ በጊዜ ካልከፈለ የሆስፒታሉ ገንዘብ ተይዞ ይቀራል፤ ገንዘብ የሌለው ሆስፒታል ደግሞ መድኃኒት መልሶ አይገዛም። በዚህ ላይ አብዛኛው መድኃኒት ከውጭ የሚመጣ ነው፤ በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዋጋው ምን ያህል እንደናረ እርስዎ የደም ግፊት መድኃኒት ሲገዙ አይተውታል። ማኅበረሰብ አቀፉ መዋጮ ደግሞ በአብዛኛው የተደራጀው በወረዳ በወረዳ ነው። በአንድ ወረዳ ካሉት አባላት ጥቂቶቹ ከባድ ሕመም ቢገጥማቸው ዓመቱ ሳይጋመስ ገንዘቡ ይሟጠጣል።

አባባ፣ እኔን የሚያንገበግበኝ ግን እዚህ ላይ ነው። ይህ ማኅበረሰብ አቀፍ መድህን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ሲሞከር የጀመረው ገበሬው ነው። እህሉን ሸጦ፣ ዶሮውን ሸጦ፣ ሳይታመም ከፈለ። የወር ደመወዝ ያለን እኛ፣ ማመልከቻ መጻፍ የምንችለው፣ የመሥሪያ ቤቱን ኃላፊ በስሙ የምናውቀው፣ ስብሰባ ላይ ተነሥተን የምንናገረው ሰዎች ግን ይኸው እስከ ዛሬ «አገልግሎቱ ሲሻሻል እንገባለን» እንላለን። ማን እንዲያሻሽልልን ነው? እኚያ እናት «የለም» ሲባሉ ዝም ብለው ወጡ። እርስዎ በዚያ መስኮት ቆመው «የለም» ቢባሉ ዝም ብለው ይወጣሉ? አውቅዎታለሁ እኮ! በማግሥቱ አራት ገጽ አቤቱታ ይዘው ሥራ አስኪያጁ በር ላይ ይቆማሉ። ባለ ድምፁም ድምፅ የሌለውም አንድ ዓይነት መታወቂያ ይዘው በአንድ መስኮት ቢቆሙ መደርደሪያው እንዲህ ባዶ ሆኖ አይከርምም ነበር። ይህን ከልቤ አምናለሁ።

አሁን ወደ ሦስተኛው ገጽ ልምጣ። ስርዙ ያለው እዚያ ነው። መጀመሪያ «ይቅርብን» ብለው ጽፈው፣ ሰርዘው «የሚፈልግ ብቻ በፈቃዱ ይግባ» ብለዋል። ይህን የጻፉት እርስዎ መሆንዎን ማመን አቃተኝ።

የዕድሩ ዳኛ በነበሩ ጊዜ የሆነውን ያስታውሱ። ያ ከታች ሰፈር የነበረው ባለ ሱቅ ለዓመታት «እኔ ዕድር አያስፈልገኝም» ሲል ቆይቶ፣ አማቱ አልጋ ላይ ሲወድቁ ገንዘብ ይዞ ልመዝገብ ብሎ መጣ። እኔ ቡና አቀርብ ነበርና ሰምቻለሁ። ግማሹ ሰው «ጎረቤት ነው፣ ይግባ» አለ። እርስዎ ግን መነጽርዎን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና «ቃሬዛ ሲታይ ዕድር አይገባም» አሉ። የኋላ መዋጮውን ሁሉ ከፍሎ ስድስት ወር እንዲጠብቅ ወሰኑበት። ሰውየው ተቀየመ፤ ሁለት ዓመት ሰላምታ ነሣዎ። በኋላ ግን ዕድሩ ሳይፈርስ የቆየው በዚያ ውሳኔ እንደሆነ ሁሉም መሰከረልዎ። ጤነኛው እየቀረ የታመመው ብቻ የሚገባበት መድህን ምን ይሆናል ታዲያ? ወጣቱ «እኔ አልታመምም» ብሎ ይወጣል፤ የሚቀሩት እንደ እርስዎ ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸው ሰዎች ናቸው፤ መዋጮው ይንርባቸዋል፤ ከዚያ እነሱም ይወጣሉ። «በፈቃዱ ይግባ» የሚለው ቃል ሲሰሙት ደስ ይላል፤ እርስዎ ግን በዳኝነትዎ ዘመን አልተቀበሉትም።

ደግሞም አንድ ነገር ልናገር፤ ቅር እንዳይልዎ። እማዬ ስታርፍ ዕድሩ ድንኳን ተከለ፣ ወንበር ደረደረ፣ ገንዘቡንም በፖስታ አድርጎ በእጅዎ ሰጠ። እርስዎ ፖስታውን ሳይከፍቱ ረጅም ሰዓት ጉልበትዎ ላይ ይዘው ተቀመጡ። እኔ ከጎንዎ ነበርኩ። «ይህ ገንዘብ ከሦስት ወር በፊት ቢመጣ ኖሮ» አሉ። ከሦስት ወር በፊት ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ተጽፎላት ሁለቱን የወተት ላሞች የሸጥንበት ጊዜ ነበር። ላሞቹ አልበቁም፤ ቀጠሮው አለፈ። ያንን ንግግርዎን ከእኔ በቀር የሰማ ሰው የለም፤ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ዛሬ የምጽፍልዎ ግን እሱን እያሰብኩ ነው። 1 በመቶ ማለት ከእያንዳንዱ 1,000 ብር 10 ብር ነው። ለዕድር በየወሩ የሚከፍሉት ከዚህ ይበልጣል፤ እሱን ሲከፍሉ አጉረምርመው አያውቁም።

የማታውን ሬድዮ አብረን የምንሰማበት ጊዜ ትዝ ይለኛል። የእኛ አዋጅ በወጣበት በዚያው በ2002 ዓ.ም. መጋቢት ላይ የአሜሪካ ምክር ቤት የጤና መድህን ሕጋቸውን 219 ለ212 በሆነ ድምፅ አሳለፈ። «በሰባት ድምፅ ልዩነት!» ብለው ተገርመው ነበር። እነሱም የሚጨቃጨቁት በእኛው ነገር ነበር፤ መንግሥት ሰውን መድህን ግዛ ብሎ ማስገደድ ይችላል ወይስ አይችልም፣ ጤነኛው ለታማሚው ለምን ይከፍላል እያሉ። በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ ሕጉን ሊያፈርሱት ሲሉ ደግሞ ጆን ማኬይን የሚባሉት ሽማግሌ ሴናተር፣ የአንጎል ካንሰር እንዳለባቸው በታወቀ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ ሌሊት ገብተው አውራ ጣታቸውን ወደ ታች አደረጉ፤ የማፍረሱ ሐሳብ 49 ለ51 ሆኖ ወደቀ። እሳቸው እኮ ሕጉ ሲወጣ ተቃውመውት የነበሩ ሰው ናቸው። የጠሉትን ሕግ እንኳን በጥድፊያ፣ በቅጡ ሳይመከርበት አላፈርስም ማለታቸው ነው። እርስዎ ያን ዕለት ሬድዮውን ዘግተው «ሰው ማለት ይህ ነው» ያሉትን አልረሳሁም።

የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 54 ተወካዩ የመላው ሕዝብ ተወካይ እንደሆነ፣ ተገዥነቱም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለህሊናው እንደሆነ ይናገራል። እንግዲህ ከእኛ የሚሄደው ወረቀት ይህን ህሊናውን የሚያሠራ ቢሆን ደስ ይለኛል። «ተቃወም» ብቻ ብላችሁ ብትልኩለት ወይ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል፣ ወይ እጁን አንሥቶ ያወርዳል፤ በሁለቱም ምንም አይለወጥም። በዜና «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ሲባል ስሰማ ሁልጊዜ ቅር ይለኛል፤ ስለ ሰው ጤናና ስለ ሰው ደመወዝ ሲወሰን ማንም ያልጠየቀው ጥያቄ ሊኖር አይገባም።

ስለዚህ ሦስተኛው ገጽ ቢለወጥ እላለሁ። ተወካዩ አዋጁን ይደግፍ፤ ነገር ግን ድምፁን ከመስጠቱ በፊት በቋሚ ኮሚቴው ፊት ቆሞ እንዲጠይቅ ያስገድዱት። ከጡረታችን የሚቆረጠው ገንዘብ ለሌላ ሥራ እንዳይውል ምን ይጠብቀዋል? ሒሳቡን ማን መርምሮ ለእኛ ለከፋዮቹ በየዓመቱ ያሳየናል? መድህኑ ለሆስፒታል በስንት ቀን ውስጥ ይከፍላል፣ ካልከፈለስ ማን ይጠየቃል? ከሁሉም በላይ ደግሞ አባሉ «የለም» ተብሎ ከውጭ የገዛውን መድኃኒት ዋጋ ማን ይመልስለታል? ይህቺ የመጨረሻዋ ጥያቄ በሕጉ ውስጥ ቁርጥ ያለ መልስ ካላገኘች እኔም ከእናንተ ጋር እፈርማለሁ፤ በዚያ ጊዜ ተቃውሞ ይሁን። እኚያ እናት ያንን ቋጠሮ እንደገና በከንቱ እንዲፈቱ አልፈልግም። ለወንድሜም ቢሆን 3 በመቶው ደመወዙ ዝቅተኛ ለሆነና ከፍተኛ ለሆነ ሰው እኩል መሆኑ ተገቢ ነው ወይ ተብሎ ቢጠየቅ አንድ ነገር ነው።

ወረቀትዎን ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሼ ልኬዋለሁ። አንደኛውን፣ ሁለተኛውንና አራተኛውን ገጽ ጽፌ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጫቸዋለሁ። ሦስተኛውን ብቻ ነው ያልነካሁት። አስበውበት፣ ከጓደኞችዎም ጋር ተመካክረውበት እንደገና ከጻፉት በዚያው ሹፌር ይላኩልኝ። «የለም፣ እንዳለ ይጻፍ» ካሉኝም አባቴ ነዎትና አንድ ፊደል ሳልነካ እጽፈዋለሁ፤ ሦስቱም ቅጂ እሑድ ይደርስዎታል።

በጥቁሩ ፌስታል ያለው የደም ግፊት መድኃኒትዎ፣ አምሎዲፒን፣ የሁለት ወር ነው፤ ከደመወዜ የገዛሁት ስለሆነ ገንዘብ እልካለሁ እንዳይሉኝ። ጠዋት ጠዋት አንድ ፍሬ ብቻ ይውሰዱ፤ ባለፈው እንዳደረጉት ለመቆጠብ ብለው ለሁለት እንዳይከፍሉት እለምንዎታለሁ። ለጎረቤቶቻችን ሁሉ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

ናፋቂ ልጅዎ፣
ከሐዋሳ