ተከራይ ሲወጣ ስንት ቀን ቀድሞ ያሳውቅ?

ይድረስ ለክቡር አዘጋጅ፣

ቤት የማከራይ ሰው ነኝ። የምጽፈው ግን ለተከራዮች በማዳላት ነው፤ አከራዮች ባልንጀሮቼ ቅር ቢላቸውም ልናገረው። ስለ ቤት ኪራይ በተጻፈ ቁጥር የሚነሳው አከራይ ተከራዩን ለማስወጣት ስንት ጊዜ መስጠት እንዳለበት ነው። ተከራዩ በገዛ ፈቃዱ ሲወጣ ስንት ቀን ቀድሞ ማሳወቅ እንዳለበት ግን ብዙ ውል በአንድ መስመር ያልፈዋል፤ ጭራሽ የማያነሳውም አለ። ማስያዣው የሚመለስበት ቀን ሲደርስ ጠቡ የሚፈነዳው በዚያ በታለፈው መስመር ነው።

እኔ ተከራይ ከአንድ ወር በላይ ቀድሞ እንዲያሳውቅ መገደድ የለበትም ባይ ነኝ። አከራይና ተከራይ የሚሰጡት ጊዜ እኩል ይሁን የሚለውንም አልቀበልም። ተከራይ ሲወጣብኝ የሚቀርብኝ ኪራይ ነው። እኔ ሳስወጣው ግን እሱ መኖሪያውን ያጣል፤ የልጆቹ ትምህርት ቤትና የሥራው መንገድ ሳይቀር ይናጋበታል።

ይህን ልዩነት በሕጋቸው ያስገቡ አሉ። በጀርመን ላልተወሰነ ጊዜ የተከራየ ሰው የሦስት ወር ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ይወጣል፤ የቱንም ያህል ዓመት ቢኖርበት ጊዜው አይጨምርበትም። የአከራዩ ግን ተከራዩ 5 ዓመት ሲያልፈው ወደ 6 ወር፣ 8 ዓመት ሲያልፈው ወደ 9 ወር ያድጋል። በካሊፎርኒያም በየወሩ በሚቀጥል ኪራይ ተከራዩን 30 ቀን ሲበቃው፣ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የኖረን ሰው የሚያስወጣ አከራይ 60 ቀን ይጠበቅበታል። ከሁለቱ የካሊፎርኒያው ይሻለኛል። አዲስ ሥራ ያገኘን ሰው አሠሪው ሦስት ወር አይጠብቀውም፤ የሁለት ቤት ኪራይ የሚችል ደመወዝም ብዙ ሰው የለውም። ፈረንሳይ ዕቃ ለሌለው ቤት የደነገገችውን ሦስት ወር፣ ሥራውን ላጣ ወይም ወደ ሌላ ቦታ ለተዛወረ ሰው እንዲሁም ቤት በጠበበባቸው ከተሞች ለሚኖር ወደ አንድ ወር አውርዳዋለች።

ከቀኑ ብዛት ይልቅ የባሰው ግን አቆጣጠሩ ነው። ተከራዩ ወር በገባ በ5ኛው ቀን አሳወቀ እንበል። 30 ቀን ተቆጥሮ ቢሆን በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ሳምንት ይወጣል። ውሉ «ኪራይ የሚያበቃው ወር ሲያልቅ ብቻ ነው» የሚል ከሆነ ግን የዚያን ወር ኪራይ በሙሉ ይከፍላል፤ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያው ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። በካናዳዋ የኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር ከተከራይ የሚጠየቀው 60 ቀን የሚያበቃው የኪራዩ ወር በሚዘጋበት ቀን ነው። በጀርመን ደግሞ ደብዳቤው እስከ ወሩ ሦስተኛ የሥራ ቀን ካልደረሰ ያ ወር አይቆጠርም። ተከራዩ ለኖረበት ቀን ብቻ ይክፈል፣ ቆጠራውም ደብዳቤው አከራዩ እጅ ከገባበት ቀን ይጀምር እላለሁ።

ደብዳቤ ያልኩት በምክንያት ነው። አንድ ተከራይ ሲወጣ «ቀደም ብዬ ነግሬዎታለሁ» አለኝ፤ እኔ አልሰማሁም አልኩ። ሁለታችንም የምናሳየው ነገር አልነበረንም። የተጻፈበት ቀን፣ የቤቱ አድራሻና የመውጫው ቀን ያለበት፣ በሁለት ቅጂ የተፈረመ አንድ ወረቀት ይበቃ ነበር። በስልክ መልእክት የሚያሳውቅ ሰውም «ደርሶኛል» የሚል መልስ ሳይቀበል አይተኛ። በጀርመን እንዲያውም ያለ ፊርማ በኢሜይል የተላከ ማስጠንቀቂያ እንዳልተሰጠ ይቆጠራል።

አከራዮችን አጥብቄ የምወቅሰው ግን በዚህ ነው። ተከራዩ ቁልፍ አስረክቦ ሄዷል፤ አዲስ ሰው ገብቶ ኪራይ መክፈል ጀምሯል፤ አከራዩ ግን «ማስጠንቀቂያው አልሞላም» ብሎ የቀድሞውን ሰው ማስያዣ ይይዛል። ለአንድ ቤት ከሁለት ሰው ኪራይ መቀበል ማለት ነው። የፈረንሳይ ሕግ አከራዩ ተስማምቶ አዲስ ተከራይ ካስገባ የቀድሞው ዕዳ ከዚያ ቀን እንዲቆም ያደርጋል። በስዊዘርላንድም ተከራዩ መክፈል የሚችልና አከራዩ በቂ ምክንያት ይዞ ሊቃወመው የማይችል ተተኪ ካቀረበ፣ ያም ሰው ውሉን እንዳለ ለመረከብ ከተስማማ፣ ከግዴታው ነፃ ይወጣል። ይህ በየውሉ መጻፍ አለበት። በተከራዩ በኩልም ቤቱን ለሚያዩ ሰዎች በተስማሙበት ሰዓት በሩን መክፈት ተገቢ ነው፤ ካልከፈተ ቤቱ ባዶ ለሚያድርበት ጊዜ አከራዩን መውቀስ አይችልም።

የአንድ ዓመት ውል ለፈረሙ አንባቢዎቻችሁም አንድ ነገር ልጨምር። ጊዜው በተወሰነ ውል ላይ ማስጠንቀቂያ መስጠት ብቻውን ብዙ ጊዜ አያስወጣም፤ ዓመቱ ሳይሞላ የመውጣት መብት በውሉ ተጽፎ ወይም በሕግ ተፈቅዶ መገኘት አለበት። ይህ የሚጠየቀው ከመፈረም በፊት ነው።

የሕግ አምድ አዘጋጆቻችሁ ማንም ሰው ቀኑንና ስሙን ብቻ ሞልቶ የሚጠቀምበት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ናሙና በአንድ ዕትም ቢያወጡልን እጠይቃለሁ። ከግርጌው የአከራዩ ፊርማና የተቀበለበት ቀን የሚጻፍበት ቦታ አይጉደልበት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አከራይ አንባቢያችሁ