ነሐሴ ላይ አሽትታችሁ ዳነ አትበሉን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

እንደምን ከረማችሁ። እኔ ጎጃም ውስጥ ባንዲት አስፋልት ዳር ከተማ ትንሽዬ ጋራዥ ያለኝ ሰው ነኝ፣ የከተማዋንም የማደያውንም ስም ልተወውና ወደ ነገሬ ልግባ። አምና ግንቦት ላይ ጠላ ጠማቂዋ ጎረቤቴ በጣሳ ይዛ መጣችና "አንተ፣ እስቲ ይሄን ቅመስልኝ፣ ጌሾው ነው ወይስ እኔ ነኝ ያበድኩት" አለችኝ። ገና ወደ አፌ ሳላስጠጋው አወኩት፣ ናፍጣ ነው። ሃያ አመት ሙሉ እጄን በናፍጣ ስታጠብ የኖርኩ ሰው ይቺን ባልለይ ነበር የሚገርመው። ጠላው ተደፋ፣ ጋኑማ በግራዋ ብታጥበው በወይራ ብታጥነው አልለቅ ብሏት ይኸው በረንዳዋ ላይ ባዶውን ተቀምጧል። ከዛ ጉድጓዷን ከፈትን፣ ባልዲው ሲወጣ ውሃው ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ስስ ነገር ተኝቶበታል።

ማደያው ከኛ ሰፈር በላይ በኩል ነው። የናፍጣው ታንክ ተቆፍሮ ሲወጣ ሆዱ በዝገት ተበሳስቶ ሁላችንም አይተናል፣ በአዲስ ተቀየረ፣ እሰየው። የቤንዚኑን ታንክ ግን ዞር ብሎ ያየው የለም። ከዛ ክረምቱ ገባ፣ ሽታው ጠፋ፣ ከሚመለከተው ቢሮ የመጡ ሰዎችም በነሐሴ ባልዲውን አሸተቱና "ዝናቡ አጥቦታል፣ ለማንኛውም አፍልታችሁ ጠጡ" ብለውን ሄዱ። ዘንድሮ መጋቢት ላይ ተመልሶ መጣላችሁ፣ ያውም ብሶበት።

ባህር ዳር ሃይድሮሎጂ (የውሃ ጥናት) የተማረ የወንድሜ ልጅ አለ፣ እሱን ስጠይቀው ሳቀብኝ። ናፍጣ ከውሃ ይቀላል፣ ሊትሩ 830 ወይ 850 ግራም ነው፣ ስለዚህ ከርሰ ምድር ውሃው ጋ ሲደርስ አይሰምጥም፣ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። በበጋ ውሃው ሲሸሽ ናፍጣውም አብሮት እየወረደ አፈሩን እየቀባ ይሄዳል፣ በክረምት ውሃው ተመልሶ ሲወጣ ደሞ የተቀባው አፈርና የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ እንደተያዘ ውሃ ይለብስበታል፣ እኛ ጉድጓድ ውስጥ አይታይም ማለት ነው እንጂ የትም አልሄደም። ግንቦት ሲመጣ ውሃው ይወርዳል፣ የተያዘው ይለቀቅና እየተንጠባጠበ ጉድጓዱ ውስጥ ይጠራቀማል። በነሐሴ ለክቶ ዳነ ማለት እንግዲህ የታመመን ሰው ተኝቶ ሳለ አይቶ ድኗል እንደማለት ነው።

አፍሉት ያሉንም ለጀርም እንጂ ለነዳጅ አይሆንም፣ ቶሎ የሚተነው እንፋሎት ሆኖ ኩሽናው ውስጥ ይቀርና እናቶች ይስቡታል፣ የቀረው ድስቱ ውስጥ ነው። ውሃ አጋርም ምንም አያደርገውም። ዋናው ጭንቀቴ ግን ያ ያልታየው የቤንዚን ታንክ ነው፣ ምክንያቱም መኪና ውስጥ ምንሞላው ቤንዚን በውስጡ ቤንዝን የሚባል ኬሚካል አለው (ስማቸው ተመሳስሎ ሰው ያምታታል)፣ የደም ካንሰር እንደሚያመጣ የታወቀ ነው፣ የአለም ጤና ድርጅትም በመጠጥ ውሃ ከ10 ማይክሮግራም በሊትር እንዳይበልጥ ነው ያለው። አንድ ሊትር ቤንዚን ውስጥ 1 በመቶ እንኳ ቢኖር 8 ግራም ያልፋል፣ ሒሳቡን ምቱት፣ 800 ሺህ ሊትር ውሃ እዛ ወሰን ላይ ለማድረስ ይበቃል። ይሄን ደሞ አፍንጫ አይለካውም፣ ላብራቶሪ ነው ሚለካው።

ማጽዳት ይቻላል ወይ ለምትሉ፣ ይቻላል፣ ግን ጊዜ ይፈልጋል። መጀመሪያ የተንሳፈፈውን መቅዳት ነው፣ እሱ ላዩ ላይ ተኝቶ ሳለ ውሃውን ብቻ እየሳቡ በከሰል ማጣሪያ ማሳለፍ ከስር ቧንቧ እየተለቀቀ ወለል እንደመወልወል ነው። ቤንዚኑ ቶሎ ስለሚተን ከአፈሩ በአየር መሳቢያ ይወጣል፣ ናፍጣ ግን በዚህ እሺ አይልም፣ ለሱ እዛው መሬት ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ናቸው ያሉት፣ በቱቦ አየር ሲነፋላቸው ነዳጁን ቀስ በቀስ እየበሉ ይቀንሱታል። በአሜሪካ ሚኒሶታ ቤሚጂ አጠገብ በ1971 ዓ.ም የነዳጅ ቱቦ ፈንድቶ 1.7 ሚሊዮን ሊትር ድፍድፍ ነዳጅ ፈሶ ነበር፣ አብዛኛውን አነሱት፣ 400 ሺህ ሊትር የሚያህለው ግን ቀረ፣ ባክቴሪያዎቹ የተበከለው ውሃ ርቆ እንዳይሄድ ገድበውታል፣ ነዳጁ ግን ከስንት አስርት አመት በኋላም እዛው ነው። ያ ደሞ አሸዋ ነው፣ የኛ ከቀዩ አፈር በታች የተሰነጣጠቀ ጥቁር ድንጋይ ስለሆነ በየት በኩል ሾልኮ የማን ጉድጓድ እንደሚገባ መገመት ከባድ ነው። ለዛ ነው ከማደያው በታች ያለው ጉድጓድ ሁሉ ይለካ የምለው፣ የጎረቤቴ ብቻ አይደለም።

እውነት ለመናገር እኔም ንጹህ አይደለሁም፣ የተቃጠለ ዘይት ቦይ ውስጥ ስደፋ ኖሬያለሁ፣ አሁን በበርሜል ነው ማጠራቅመው። በ1995 የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 የበከለ ያጽዳ ወይ የማጽጃውን ይክፈል ይላል፣ እኔም ድርሻዬ ከተገኘ እከፍላለሁ፣ ማደያውም የራሱን ይክፈል። እስከዛ ለሰፈሩ ሰው ቦኖ ይቀጠልልን፣ አሁን በጄሪካን እየገዛን ነው።

ናሙና ሚወስድ ሰው ከመጣ ገመዱም ባልዲውም ጉድጓዱ አፍ ላይ አሉ፣ ብቻ በግንቦት ይምጣ።

ጋራዥ ሠራተኛው፣ ከጎጃም