ሲሙሌሽን የኮምፒውተር ጌም አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ዳርክ ማተር፣ ማለትም ብርሃን ስለማይሰጠውና በስበቱ ብቻ ስለሚታወቀው ቁስ፣ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። አንድ ነገር ግን ቅር አሰኝቶኛል። በሲሙሌሽን፣ ማለትም የተፈጥሮን ሂደት በስሌት አስመስለው በማስኬድ፣ የሚሠሩትን ተመራማሪዎች «ኮምፒውተር ላይ ዩኒቨርስ የሚስሉ» ብላችሁ በአንድ መስመር አለፋችኋቸው። የፊዚክስ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼም የሚሉኝ ይህንኑ ነው፦ «ቲቸር፣ ይሄማ ጌም ነው፤ የፈለጉትን አስገብተው የፈለጉትን ያወጣሉ።» እንዲህ ቢሆን ኖሮ ሥራው ምንኛ ቀላል ነበር!

ከእነዚህ ተመራማሪዎች አንዱ የሆኑትን የፕሮፌሰር ካርሎስ ፍሬንክን ነገር ላንሳ። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1951 ሜክሲኮ ተወለዱ፤ ዶክትሬታቸውን ካምብሪጅ ሠሩ፤ ከዚያ ወደ አሜሪካ፣ ወደ በርክሌይ ሄዱ። ጊዜው ደግሞ የኒውትሪኖ ወሬ የደራበት ነበር። በ1980 የሞስኮ ተመራማሪዎች ኒውትሪኖ የተባለችው ቅንጣት ክብደት አላት የሚል ውጤት አውጥተዋል። ኒውትሪኖ መኖሯ የታወቀ ነው። ብዛቷ ለጉድ ነው። ብርሃን አትሰጥም። ዳርክ ማተር እሷ ብትሆን ጉዳዩ አለቀ ማለት ነው።

ፍሬንክ ከሳይመን ዋይትና ከማርክ ዴቪስ ጋር ሆነው በኒውትሪኖ የተሞላ ዩኒቨርስ ኮምፒውተር ላይ አስነሡ። ጎን ለጎን የሚያስተያዩበት እውነተኛ ካርታ ነበራቸው፤ ዴቪስና ባልደረቦቹ ወደ 2,400 የሚጠጉ ጋላክሲዎችን ርቀት ለክተው የሠሩት። ሁለቱ አልገጠሙም። ኒውትሪኖ በጣም ፈጣን ስለሆነች ጋላክሲ የሚወለድባቸውን ትንንሾቹን የቁስ ጉብታዎች ገና ሳይጠነክሩ ጠራርጋ ታጠፋቸዋለች። የሚቀሩት ግዙፎቹ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ሲሙሌሽኑ ያወጣው ዩኒቨርስ ከእውነተኛው እጅግ የበለጠ የተጓጎለ ሆነ። በ1983 ውጤቱን አሳተሙ፤ ኒውትሪኖ ከእጩነት ወጣች። ክብደቷ ያኔ ከተባለው እጅግ ያነሰ መሆኑ በቤተ ሙከራ የተረጋገጠው ከዚያ በኋላ ነው። እስቲ ይሄ የፈለጉትን ማውጣት ነው?

ቀጥሎ ጆርጅ ኤፍስታትዩ ተጨምሮ አራት ሆኑና ቀስ ብሎ የሚንቀሳቀስ፣ «ቀዝቃዛ» የሚባለውን ዳርክ ማተር ሞከሩ። የ1985ቱ ሥራቸው 32,768 ቅንጣቶች ነበሩት። ዛሬ ትንሽ ይመስላል። ግን አስቡት፤ እያንዳንዷ ቅንጣት እያንዳንዷን ትስባለች። ጥንድ በጥንድ ልቁጠር ቢባል ጊዜውን አንድ እርምጃ ወደፊት ለመግፋት ብቻ ከ536 ሚሊዮን በላይ ስሌት ነው። እርምጃው ደግሞ ብዙ ነው። ስለዚህ ዘዴ ያስፈልጋል፦ የቅርቦቹ አንድ በአንድ ይሰላሉ፣ የሩቆቹ በጅምላ። የሥራው ጥበብ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ሥዕሉ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ነገር ነው። አራቱ ሰዎች በ2011 ለዩኒቨርስ ጥናት የሚሰጠውን የግሩበር ሽልማት አብረው ወሰዱ።

በነገራችን ላይ ሲሙሌሽን ለመሥራት የግድ ኮምፒውተር አያስፈልግም። በ1941 ስዊድናዊው ኤሪክ ሆልምበርግ ሁለት ጋላክሲዎች ተቀራርበው ሲተላለፉ ምን እንደሚሆን ያሰላው በ74 አምፖሎች ነው። የብርሃን ድምቀትም የስበት ኃይልም በርቀት ካሬ ልክ ይቀንሳሉና፣ ብርሃኑን እየለካ አምፖሎቹን አንድ በአንድ ያዛውር ነበር። ይሄን ስነግራቸው ነው ተማሪዎቼ ዝም ያሉት።

የዳርክ ማተር ቅንጣት እስካሁን በቤተ ሙከራ አልተያዘም ማለታችሁ ትክክል ነው። ሲሙሌሽኑም ጣጣ አለው። ፍሬንክ ከሁሊዮ ናቫሮና ከዋይት ጋር በ1990ዎቹ ያገኙት ቀመር፣ ዳርክ ማተር ወደ ጋላክሲ መሐል ሲጠጉ በጣም ይጠቀጠቃል ይላል። በቴሌስኮፕ የታዩ ብዙ ትንንሽ ጋላክሲዎች ግን መሐላቸው እንዲህ አይደለም። አንዳንዱ ፍንዳታው መሐሉን ያሳሳዋል ብሎ ጥፋቱን በከዋክብት ፍንዳታ ያሳብባል፤ ሌላው የዳርክ ማተሩን ባሕርይ ራሱን ይጠረጥራል። እኔ ወደ ፍንዳታው አደላለሁ። ጭቅጭቁ ግን አልበረደም፤ እንዲህ ዓይነት ጭቅጭቅ ደግሞ ጌም ላይ አይነሣም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ለእኛ አገር ልጆች ይጠቅማል። በ2005 ከ10 ቢሊዮን በላይ ቅንጣቶች ይዞ ጀርመን ውስጥ የተሠራውን የሚሌኒየም ሲሙሌሽን የመራው ፎልከር ስፕሪንግል፣ ጋጀት የተባለውን ፕሮግራሙን በነፃ ለቆታል። የ1985ቱን ዓይነት ትንሽ ሲሙሌሽን ዛሬ ተራ ላፕቶፕ ይችለዋል። እንጦጦ ላይ ቴሌስኮፕ መኖሩ ደስ ይላል፤ ዳርክ ማተርን ለማጥናት ግን ተራራ መውጣት ግዴታ አይደለም። ጽሑፋችሁ ይህንን ቢነግራቸው ኖሮ ስንቱ ልጅ ዓይኑ ይበራ ነበር።

በሚቀጥለው ስታነሡት አንድ ነገር አደራ፦ የ1983ቱን የኒውትሪኖ ዩኒቨርስና የእውነተኛዎቹን ጋላክሲዎች ካርታ ጎን ለጎን አድርጋችሁ አትሙልን። ክፍል ውስጥ እለጥፈዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር፣ አዲስ አበባ