ለእግራቸው ሚሆን ጫማ ከክረምቱ በፊት እናሰፋላቸው

ሰላም ናችሁ ወገኖች፣ በተለይ የምሥራቅ ጎጃም ልጆች በያላችሁበት። ብር አዋጡ እያልኩ ማስቸግር ሰው እንዳልሆንኩ ታውቃላችሁ፣ የዘንድሮው ግን ለብቻችን ከበደን፣ ስለዚ ትንሽ ረዘም ቢልም እስከመጨረሻው አንብቡልኝ።

ስለ ዝሆኔ ነው ማወራው። ሀገር ቤት ያደጋችሁ ሁላችሁም አይታችኋል፣ እግራቸው ከታች እስከ ጉልበት አብጦ ቆዳው የተቋጠረባቸው፣ ሰርግ ላይ ጥግ ይዘው ሚቀመጡ፣ ወላ ጭራሽ ማይመጡ ሰዎች። አክስቴ አንዷ ናት። ልጅ ሆነን "እባብ ረግጣ ነው" ይሉን ነበር፣ ሌላው "መርገም ነው" ይላል፣ አንዴማ ወደ አንድ ጤና ተቋም ወስደናት ሰውየው እግሯን እንኳን ሳይነካ "ይሄ የዘር ነው መድሃኒት የለውም" ብሎ መለሳት። ከዛ በኋላ አስራ ምናምን ዓመት ሐኪም ጋ ሂጂ ስንላት እምቢ አለች።

ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ ዝሆኔ ሁለት አይነት አለ። አንደኛው ትንኝ ሚያስተላልፈው የቆላው ነው። የኛ ሀገሩ ግን ፖዶኮኒዮሲስ ሚባለው ነው፣ የደጋና የወይና ደጋ፣ ዝናብ የበዛበት ቀይ አፈር ያለበት አካባቢ በሽታ። ትንኝም የለበት፣ ትልም የለበት፣ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም (ይሄን ሦስት ጊዜ አንብቡት፣ ለጎረቤታችሁም ንገሩት)። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የመጣው ቀይ አፈር ውስጥ ያሉት ደቃቅ ብናኞች ለዓመታት በባዶ እግር ለሄደ ሰው በቆዳው ይገቡና የሰውነትን ፈሳሽ ሚመልሰውን ቧንቧ ያስቆጡታል፣ ቀስ በቀስ ይደፍኑታል፣ በቃ እግር ያብጣል። ይሄን በፈረንጆቹ 1970ዎቹ እዚሁ ኢትዮጵያ ሲሰራ የነበረ ኧርነስት ፕራይስ ሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ነው በደንብ ለይቶ ያወጣው፣ ስሙንም እሱ ነው ያወጣለት፣ የአለም ጤና ድርጅት ችላ ከተባሉት በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው ግን በ2011 ነው በፈረንጅ አቆጣጠር። ችላ የተባለው በሽታው ነው ወይስ ሰዎቹ ትሉ እንደሆነ እኔም አብሬያችሁ እጠይቃለሁ። ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ወደ 1.5 ሚሊዮን ሰው እንዳለበት ነው ሚገመተው።

"የዘር ነው" ያለው ሰውዬ ግማሹን ልክ ነበር፣ ያ ነው ሚያናድደው። በፈረንጆቹ 2012 የወጣ ጥናት በተፈጥሮ ለዚህ አፈር ተጋላጭ የሆኑ ቤተሰቦች እንዳሉ አሳይቷል፣ ለዛ ነው እናትና ልጅ ላይ ሚታየው። ግን ተጋላጭ መሆን ሌላ መታመም ሌላ፣ እግሩ አፈር ካልነካ ያ ልጅ አይታመምም። ስለዚ "የዘር ነው" ማለት ልጁን ቶሎ ጫማ አልብሱት ማለት መሆን ነበረበት፣ እኛ ጋ ግን ልጅቷን አትዳሯት ማለት ሆኖ ቀረ።

እሺ ጫማ ያድርጉ ትላላችሁ። እዚህ ጋ ነው ጉዱ። አክስቴ ብር ልከንላት ደብረ ማርቆስ ወርዳ ሱቅ ለሱቅ ዞረች፣ የወንድ 45 ቁጥር እንኳን አልገባም አላት። መጨረሻ ላይ ኮንጎ ጫማ ገዝታ ጎንና ጎኑን በቢላ ተርትራ በገመድ አሰረችው፣ እንደዛ አርጋ ነው ገበያ ምትሄደው፣ አፈሩ ደግሞ በተተረተረው በኩል ይገባል። በረባሶም ያው ነው፣ እሾህ ይከላከል ይሆናል እንጂ አፈር አይከላከልም። ጫማ ያለውም ቢሆን በእጁ አንጠልጥሎ ይሄድና ከተማ መግቢያው ላይ ነው ሚያጠልቀው፣ እንዳያልቅበት። ገበሬው ደግሞ ጭቃ ላይ በሬ ጠምዶ ጫማው ከእግሩ በላይ ሲከብደው ያወልቀዋል፣ ልትፈርዱበት አትችሉም። ቤተክርስቲያንም እኮ ጫማ ይወለቃል፣ አክስቴ ቅጽሩ ውጭ ግንቡን ተደግፋ ነው ምታስቀድሰው፣ ሰው እንዳያይባት።

ላበጠው እግር ተስፋ የለውም ብላችሁ እንዳታስቡ። ህክምናው ሲሰሙት ቀልድ ይመስላል፣ በየቀኑ በሳፋ ውሃ በሳሙና ማጠብ፣ ባለሙያ በሚያሳየው ልክ ትንሽ በረኪና ጠብ አርጎ መዘፍዘፍ፣ ጣቶች መሀል ሳይቀር ማድረቅ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ ካልሲና ዝግ ጫማ፣ ማታ እግርን ከፍ አርጎ መተኛት። በቃ። እኛው ምሥራቅ ጎጃም ላይ ወደ 700 ሚጠጉ ታማሚዎች የተሳተፉበት ጥናት ተሰርቶ በፈረንጆቹ 2018 ወጥቷል፣ ይሄን ያደረጉት ሰዎች በዓመት በአማካይ ወደ 19 ጊዜ ሲያማቸው ያላደረጉት ወደ 24 ጊዜ ነው ያመማቸው። ተአምር አይደለም፣ አልዋሻችሁም። ግን አንዴ ሲነሳ ምን እንደሆነ ያየ ያውቀዋል፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ፣ እግሩ እሳት ሆኖ ቀናት አልጋ ላይ፣ ያ በአጨዳ ሰሞን ከመጣ የዓመቱ እህል ማሳ ላይ ነው ሚቀረው። አምስት ጊዜ መቀነስ ለገበሬ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ።

አሁን ወደ ብሩ ልምጣ። አዲስ አበባና ማርቆስ ያለን የአንድ ቀበሌ ልጆች ነን፣ ቢሮም ደብዳቤም የለንም፣ እድራችንን ይዘን ነው የተነሳነው። ከጤና ኤክስቴንሽኗ ጋር ቤት ለቤት ዞረን 73 ሰው መዘገብን። የእያንዳንዱን እግር ካርቶን ላይ አስቁመን በእስክሪብቶ ዙሪያውን ሳልን፣ ቁርጭምጭሚቱን በክር ለካን፣ ካርቶኖቹን ማርቆስ ላለ ጫማ ሰፊ ወሰድንለት። አይቶ ዝም አለ፣ ከዛ "እሰራዋለሁ" አለ። በጥንድ 1,800 ብር ብሎ ተከራክረን 1,600 አረግነው፣ ከላይ ሚከፈት በማሰሪያ ሚጠብቅ፣ እብጠቱ ሲቀንስ ጠበብ ሚል ነው። ይሄ 116,800 ብር ይሆናል። ለየአንዳንዱ ሰው ሳፋ፣ ጀሪካን፣ ሳሙና፣ ቫዝሊንና ሁለት ካልሲ 900 ብር፣ ድምሩ 65,700። ከነዚሁ ቤቶች ገና ያላበጠባቸው 160 ልጆች አሉ፣ ለነሱ ከመርካቶ በጅምላ ዝግ ጫማ በ500 ብር፣ 80,000። ጠቅላላ 262,500 ብር ነው፣ 47,300 በእጃችን አለ፣ ሚጎድለን 215,200 ነው።

እኔን ብትጠይቁኝ በጣም ሚያሳስበኝ የልጆቹ ነው፣ አክስቴ እግር ላይ ያለውን ማስታገስ እንጂ ወደ ድሮው መመለስ አንችልም፣ የልጆቹን ግን ሳይጀምር ማስቀረት ይቻላል። የውሃው ነገር ደግሞ ገና አልተፈታም፣ ምንጩ ለአንዳንዱ ቤት ሩቅ ነው፣ ለእግር መታጠቢያ ሌላ ጀሪካን ተሸክሞ መምጣት ለደከመ ሰው ቀልድ አይደለም፣ የጎረቤት ልጆች ተራ እንዲገቡ እድሩ ጋ እየተነጋገርን ነው።

የቸኮልነው ሰኔ ከገባ ጭቃው ስለሚጀምር ነው፣ መንገዱም አስተማማኝ አይደለም፣ ያለውን ሁኔታ ታውቁታላችሁ። ጫማ ሰፊው ሌዘሩን ለመግዛት ግማሹን በቅድሚያ ይፈልጋል። ሀገር ቤት ያላችሁ በንግድ ባንክ ወይ በቴሌብር፣ አሜሪካና አረብ ሀገር ያላችሁ ደግሞ ቤተሰብ በኩል ብትልኩ ይቀላል፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝና አካውንቱን ሰጣችኋለሁ፣ በሦስት ሰው ፊርማ ነው ሚንቀሳቀሰው። 500 ብር የአንድ ልጅ ጫማ ነው፣ 2,500 አንድ ታማሚን ከነሙሉ ዕቃው ይሸፍናል፣ 50 ብር ያለው 50 ይላክ፣ አናፍርም።

ያገለገለ ጫማ ልላክ ወይ ብላችሁ ለጠየቃችሁ፣ እግዜር ይስጥልን፣ ግን ለታማሚዎቹ አይገባም፣ የልጅ ዝግ ጫማ ካላችሁ ግን አምጡ። የእግራቸውን ፎቶ ልቀቁ ሰው አይቶ እንዲያዝን ላላችሁን ግን እሱን አናደርገውም። አክስቴ ሃያ ዓመት ሙሉ በነጠላዋ ጫፍ የሸፈነችውን እግር እኔ ፌስቡክ ላይ አላወጣውም። የደረሰኙንና ተሰፍቶ ያለቀውን ጫማ ፎቶ በየሳምንቱ እለቃለሁ፣ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ጥንዶች አርብ ይደርሳሉ ብሎናል ጫማ ሰፊው።