ከሐኪሙ ጀርባ ቆመን አይደለም የምንማረው

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ነርሶች እጥረት ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ወንድሜ «ያንቺ ነገር ነው» ብሎ ላከልኝ። ሁለተኛውን ያነበብኩት ዓይኔን ማመን ስላቃተኝ ነው። እጥረቱ እውነት ነው፣ በዚያ ላይ ጠብ የለኝም። ጠቤ ከአንዲት ዓረፍተ ነገር ጋር ነው፦ «ተማሪዎቹ በተግባር ልምምድ ወቅት ከሐኪሙ ጀርባ ቆመው ይመለከታሉ።»

የሦስተኛ ዓመት የነርሲንግ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። ከሐኪሙ ጀርባ የምቆምበትን ሰዓት ብፈልግ አላገኘሁትም። ሐኪሙ ለራውንድ ይመጣል፣ አልጋ በአልጋ ይዞራል፣ ትእዛዙን ጽፎ ይሄዳል። ሺፍቱ ግን አላለቀም። የቀረውን ሰዓት ሁሉ ከማን ጀርባ ነው የምንቆመው?

እውነት ለመናገር፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቆመን እናያለን። ማንም ጀማሪ ያያል። ያኔም ግን የምናየው ነርሷን ነው። ዘጋቢያችሁ ይህችን እንኳ ቢያጣራ ዓረፍተ ነገሩ ባልተጻፈ ነበር።

ማየት ካላችሁ ደግሞ ማየት ምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

አንድ ሌሊት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ሦስተኛ ቀኑን የያዘ ታማሚ ነበረኝ። ቻርቱ ላይ የትንፋሹ ቁጥር 20፣ 20፣ 20 እየተባለ ተጽፏል። ትንፋሽ እየቆጠርሽ መሆኑን ለታማሚው አትነግሪውም፤ ካወቀ አተነፋፈሱን ይቀይራል። የእጁን አንጓ ይዘሽ የልብ ምት የምትቆጥሪ ትመስያለሽ፣ ዓይንሽ ግን ደረቱ ላይ ነው። ሙሉ አንድ ደቂቃ። እኔ 32 ቆጠርኩ። ስህተት መስሎኝ ደገምኩ። አሁንም 32። ጤነኛ አዋቂ ሰው አርፎ ሲተነፍስ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ነው። ሰውየው አላቃሰተም፣ «ደህና ነኝ» ነው ያለኝ። ግን ግንባሩ ላይ ላብ ነበር፤ እጁ ሞቆ፣ የልብ ምቱ 118 ገብቷል።

ሮጬ ሲስተርን ጠራሁ። እሷም ቆጠረች። ሐኪሙ ተጠራ። ከቀዶ ሕክምናው ቦታ የተነሳ ኢንፌክሽን ወደ ደሙ ገብቶ ነበር። መድኃኒቱ በዚያው ሌሊት ተጀመረለት። ያ ሰው በእግሩ ወጥቶ ሄዷል። ማንም አላጨበጨበልኝም፣ ማጨብጨብም አያስፈልግም። ግን በዚያ ሌሊት ከማን ጀርባ ነበር የቆምኩት? ሐኪሙ እኮ የመጣው ስለጠራነው ነው።

ዘገባው «ትእዛዝ መፈጸም ይማራሉ» ብሎም ይጨምራል። በደም ሥር የሚሰጥ 1,000 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ በ8 ሰዓት ውስጥ ይግባ ተብሎ ይታዘዛል። ትእዛዙ እዚህ ላይ ያበቃል። አንድ ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ የሚሆንበት ቱቦ ከሆነ፣ በደቂቃ 42 ጠብታ እንዲወርድ አስልታ የምታስተካክለው ነርሷ ናት። ለሕፃን መድኃኒት ስናሰላ አንዲት ነጥብ ከቦታዋ ብትንሸራተት መጠኑ አሥር እጥፍ ይሆናል። ሐኪሙ ራሱ ተሳስቶ ቢጽፍ «ይህን አልሰጥም» ብላ የመመለስ ግዴታ ያለባት እሷ ናት። ይህን ለማወቅ ፋርማኮሎጂ፣ ማለትም የመድኃኒት ትምህርት፣ እንማራለን። እንወድቃለን፣ እንደገና እንፈተናለን። እኔ የመጀመሪያውን የመድኃኒት ስሌት ፈተና ወድቄያለሁ፤ ማለፊያው ሙሉ ነጥብ ነበር፣ አንድ ጥያቄ ሳትኩ። ያኔ አልቅሻለሁ። አሁን ግን መምህሮቼ ትክክል ነበሩ እላለሁ።

ዲግሪውን ይዞ መውጣት ብቻውንም ነርስ አያደርግም። ምዝገባ አለ፣ ፈቃድ አለ። ነርሶችን ለብቻቸው በአገር ደረጃ የሚመዘግብ የመጀመሪያው ሕግ የወጣው ኒውዚላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1901 ነው። በማግሥቱ ዓመት ኤለን ዶገርቲ የመጀመሪያዋ የተመዘገበች ነርስ ሆነች። ለምን የራሳቸው መዝገብ አስፈለጋቸው? ነርስ ለሠራችውም ሆነ ሳትሠራ ለተወችው ነገር በራሷ ስም ስለምትጠየቅ ነው። ሌላ ሰው ጀርባ ቆሞ ለሚያይ ማን መዝገብ ይከፍትለታል?

በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የነርስነት ሥልጠና ቢያንስ 4,600 ሰዓት ነው፤ ቢያንስ ግማሹ ደግሞ ከታማሚ ጋር በተግባር የሚያልፍ መሆን አለበት። ቆሞ ለማየት ይህን ያህል ሰዓት ማን ያወጣል? እ.ኤ.አ. በ2014 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ዘጠኝ የአውሮፓ አገሮችን አይቶ ነበር። በአንድ ሆስፒታል ዲግሪ ያላቸው ነርሶች ድርሻ በ10 በመቶ ከፍ ባለ ቁጥር፣ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ታማሚዎች በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድላቸው በ7 በመቶ ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። እርግጥ ጥናቱ ሁለቱ አብረው መሄዳቸውን ነው የሚያሳየው፣ አንዱ ሌላውን አመጣ ብሎ አይምልም። ቢሆንም ስለ ነርሶች እጥረት ገጽ ሙሉ ሲጻፍ ስለ ትምህርታቸው አንድ እውነተኛ መስመር መጥፋት ነበረበት?

ያናደደኝን ሁሉ ልናገር። ዘገባው ላይ ሦስት ሰዎች ተናግረዋል። ሁለቱ ሐኪሞች ናቸው፣ አንዱ የሆስፒታል ኃላፊ። አንድም ነርስ የለም። አንድም ተማሪ የለም። ፎቶው ግን የእኛ የተማሪዎቹ ነው። ፎቶ ለማንሳት ጊዜ ነበራችሁ፣ ለመጠየቅ ግን አልነበራችሁም። ከፎቶው ሥር ደግሞ «ረዳቶች» ብላችሁናል።

ይህ ቃል ቤት ድረስ ይገባል። እናቴ ሰው ፊት «ታዲያ ዶክተር የምትሆኚው መቼ ነው?» ትለኛለች። አጎቴ ለሕክምና ነጥብ ያልመጣልኝ ነው የሚመስለው። ነርሲንግን አንደኛ ምርጫዬ አድርጌ እንደሞላሁ ስንት ጊዜ እንደነገርኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ሦስት ዓመት ያስረዳሁትን እናንተ በአንድ ዓረፍተ ነገር አፈረሳችሁት። ጋዜጣ ላይ ወጥቷላ! ከጋዜጣና ከእኔ ማንን ያምናሉ?

የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ማረሚያው ዘገባው በወጣበት ገጽ ይውጣ፣ በማይታይ ጥግ አይደለም። ዘጋቢያችሁም ከሚመለከተው ክፍል አስፈቅዶ አንድ ሙሉ ሺፍት ከእኛ ጋር ይዋል። ከርክክቡ ጀምሮ እስከ ርክክቡ። ሲመጣ ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት እጁ ላይ ይሰር፣ ትንፋሽ እንዴት እንደሚቆጠር አሳየዋለሁ።

የሦስተኛ ዓመት የነርሲንግ ተማሪ