ፎርማት ከመደረጉ በፊት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ የምጽፍላችሁ ከጅማ ነው። ማይክሮሶፍት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን ነጻ ድጋፍ ካቆመ ወዲህ የማውቃቸው ሰዎች ላፕቶፓቸውን ይዘው ፎርማት (ዲስኩ ላይ ያለውን ጠርጎ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን) ሊያስደርጉ ሲሄዱ ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይረበሻል፣ ምክንያቱን ልንገራችሁ።

አምና ሚያዝያ ላይ መብራት ድርግም ብሎ ሲመለስ የእህቴ ላፕቶፕ (ባትሪው ስለሞተ በቻርጀር ብቻ ነበር የሚሰራው) አልነሳም አለ። ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ የእንግሊዝኛ ጽሁፍ፣ በቃ። የመመረቂያ ጥናቷ ዴስክቶፑ ላይ ነበር፣ በጋውን ሙሉ ጎማና ማና ወረዳ እየተመላለሰች ከቡና ገበሬዎች የሰበሰበችው መረጃ ማለት ነው። ጥገና ቤት ወሰደችው፣ ልጁ አየት አድርጎ "ፎርማት ነው የሚፈልገው" አላት፣ እሷም እሺ አለች። በማግስቱ ላፕቶፑ ተነሳ፣ ዴስክቶፑ ላይ ግን ሪሳይክል ቢን ብቻ ነበር ያለው። የወረቀት መጠይቆቹን አልጋዋ ላይ ዘርግታ አንድ በአንድ እንደገና ስታስገባ አብሬያት አነጋሁ፣ ያን ሌሊት ነው ይሄን ነገር መማር አለብኝ ያልኩት።

ዊንዶውስ አልነሳ አለ ማለት ፋይል ጠፋ ማለት አይደለም። ፋይሉ የተቀመጠበት ሃርድ ዲስክ ደህና ከሆነ፣ በሌላ ኮምፒውተር በተዘጋጀ ፍላሽ ማስነሳት ይቻላል። ድሮ በሲዲ ነበር የሚሰራው፣ አሁን ግን የኡቡንቱ (በዊንዶውስ ፋንታ ኮምፒውተር የሚያስነሳ ነጻ ሲስተም ነው) ፋይል ብቻውን 4.7 ጊጋ የሆነ ዲቪዲ ላይ አይገባም፣ ብዙዎቹ አዳዲስ ላፕቶፖችም የሲዲ ማስገቢያ የላቸውም። 8 ጊጋ ወይ ከዛ በላይ የሆነ ፍላሽ (ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ ቀድማችሁ አውጡት)፣ ከኡቡንቱ ከራሱ ድረገጽ የወረደ አይኤስኦ ፋይል (ሲስተሙ ሙሉውን በአንድ ፋይል የታሸገበት)፣ ሩፈስ የምትባል ነጻ ፕሮግራም፣ ይሄው ነው የሚያስፈልገው። ፋይሉን ዝም ብሎ ፍላሹ ላይ ፔስት ማድረግ አይሰራም፣ እኔ ግማሽ ቀን የፈጀሁት እዚህ ላይ ነው፣ ኮምፒውተሩ እንዲነሳበት አድርጋ የምትጽፈው ሩፈስ ናት። ከዛ ማሽኑን እንዳበራችሁ ዴልና ሌኖቮ ከሆነ ኤፍ12፣ ኤችፒ ከሆነ ኤፍ9 ደጋግማችሁ እየተጫናችሁ ፍላሹን መምረጥ ነው። ሲከፍት ኢንስቶል የሚለውን እንዳትነኩት አደራ፣ ትራይ የሚለውን ነው፣ ያኔ ኡቡንቱ ራም (ማሽኑ ሲጠፋ የሚጸዳው ጊዜያዊ ማስታወሻ) ላይ ሆኖ ይሰራል፣ እናንተ ካልነካችሁት በስተቀር ሃርድ ዲስኩ ላይ ምንም አይጽፍም።

በህዳር የጎረቤታችን የእትዬ ላፕቶፕ እንደዛው ሆነ፣ ውጭ ያለው ልጃቸው የሰርግ ፎቶ ያለበት። እሳቸው ቡና እየቆሉ እኔ ፍላሹን ሰካሁ፣ የኡቡንቱ ገጽ መጣ፣ ሃርድ ዲስኩን ከፍቼ ዩዘርስ ከሚለው ፎልደር ስገባ ፎቶዎቹ በትንንሹ ተራ በተራ ብቅ ብቅ አሉ። እትዬ መቁያውን እንደያዙ መጥተው "አለ እንዴ! ልጄ አለ እንዴ!" አሉ። ሁሉንም ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ ገለበጥኩላቸውና ከዛ በኋላ ነው ፎርማት የተደረገው።

ሁልጊዜ ይሳካል አልልም፣ ቢትሎከር (ሃርድ ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ መከላከያ) የበራበት ላፕቶፕ 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ ይጠይቃል፣ እሱን ዛሬ ማሽኑ ሳይበላሽ ከማይክሮሶፍት አካውንታችሁ አውጥታችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት። ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምጽ ካሰማም ወዲያው ማጥፋት ነው፣ በተሰራበት ቁጥር ይብስበታል።

የጥገና ባለሙያ ወንድሞቼን የምለምነው ፎርማት ከማለታችሁ በፊት "ውስጡ የምትፈልጉት ፋይል አለ?" ብላችሁ ጠይቁ፣ ፍላሹም እውቀቱም እናንተ ጋር አለ፣ ለመገልበጥ የሚወስደውን ሰዓት አስከፍሉን፣ እንከፍላለን። እናንተም አዘጋጆች ተማሪዎች ጥናታቸውን ከማስገባታቸው በፊት፣ ግንቦት ሳይገባ፣ አሰራሩን ከነስዕሉ አንድ ገጽ ላይ ብታወጡልን።

አንባቢያችሁ፣ ከጅማ