አባባ፣ አብረን ወደ ባሕር እንሂድ

አዲስ አበባ፣ ብሔራዊ ቴአትር ጀርባ
ታኅሣሥ 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከናፍቆትዎ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባለፈው እሑድ በስልክ ስለ ኬንያው ጉዞዬ ጠይቀውኝ ነበር፤ ነገር ግን እኔ ስጮኽ፣ እርስዎ «ይሁን፣ ይሁን» ሲሉኝ፣ ዋናው ነገር ሳይነገር ቀረ። ቁም ነገር በወረቀት እንጂ በሽቦ አይነገርም ይሉ የነበሩት እርስዎ ስለሆኑ፣ ሐሳቤን አሟልቼ ለመጻፍ ዛሬ ከሥራ መልስ ተቀምጫለሁ። የምጠይቅዎትን ከወዲሁ ልንገርዎት፦ ከነነዌ ጾም በኋላ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ፣ ከእኔ ጋር ወደ ሕንድ ውቅያኖስ እንዲሄዱ እፈልጋለሁ። እሺም ሆነ እምቢ ከማለትዎ በፊት ግን ያየሁትን ሁሉ ያንብቡልኝ።

እኔ መሐል አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ ባሕርን የማውቀው በእርስዎ አንደበት ነው። ልጅ ሳለሁ ቅዳሜ ቅዳሜ በግዮን ሆቴል መዋኛ ዋና ያስተምሩኝና በስታዲየም በኩል ወደ ቤት ስንመለስ ስለ ምጽዋ ወደብ፣ «ኢትዮጵያ» ስለምትባለው የባሕር ኃይል መርከብ ሞተር ክፍል ሙቀት፣ ሥራ ሲያበቃ ከወደቡ ጫፍ ላይ ክር ጥለው ስለሚያወጡት ዓሣ ይነግሩኝ ነበር። ለእኔ ባሕር ማለት ከለገሃር ወዲያ፣ ሐዲዱ በሄደበት አቅጣጫ የሆነ ቦታ ያለ የእርስዎ ንብረት ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ ባልደረቦቼ ጀልባ ከነሠራተኛው ተከራይተን ጥልቅ ባሕር ላይ ዓሣ እናጥምድ ባሉ ጊዜ አራተኛ ሆኜ ገንዘቤን ያዋጣሁት ለመዝናናት ብቻ አልነበረም።

የነቢያት ጾም ሳይገባ በኅዳር የመጀመሪያ ሳምንት ከቦሌ ወደ ሞምባሳ በረርን፤ በረራው ከሁለት ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ከዚያ በመኪና ወደ ሰሜን ኪሊፊን አልፈን፣ ማሊንዲ ሳንደርስ ዋታሙ የምትባል ትንሽ ከተማ አደርን። ከአዲስ አበባ ደጋ በአንድ ጊዜ ባሕር ጠርዝ ላይ ሲወርዱ አየሩ ራሱ እንደ እርጥብ ጨርቅ ፊት ላይ ይለጠፋል፤ በምጽዋ ሌሊት ሌሊት ሰገነት ላይ ትተኙ የነበረው ለምን እንደሆነ በዚያች ሌሊት ገባኝ።

ጀልባዋ ሁለት የናፍጣ ሞተሮች አሏት። ካፒቴኑ የእኔ እኩያ የሆነ የዚያው አገር ሰው ነው፤ አባቱም አያቱም በሸራ ጀልባ ዓሣ ያጠምዱ ነበር። ጎሕ ሳይቀድ ተነሣን። በባሕር ዳርቻው ያለው ኮራል የሚባለው የባሕር ቋጥኝ ከ1968 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ ስለሚጠበቅ በዚያ ክር መጣል ክልክል ነው፤ ያንን አልፈው ሲወጡ ግን ጥልቁ ሩቅ አይደለም። የውኃው ቀለም ከአረንጓዴ ወደ ሰማያዊ፣ ከሰማያዊ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ሲለወጥ ዓይኔ እያየ ነበር። መሣሪያው የውኃውን ሙቀት 28 ዲግሪ ያሳያል። ካፒቴኑ እንዳስረዳኝ፣ በኬንያ ባሕር ላይ ዓመቱን የሚገዙት ሁለት ነፋሳት ናቸው፦ ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ካስካዚ ከኅዳር አካባቢ እስከ መጋቢት፣ ከደቡብ የሚነፍሰው ኩሲ ደግሞ በእኛ ክረምት ወራት። በካስካዚ ጊዜ ከሶማሊያ ወደ ደቡብ የሚወርደው የባሕር ጅረት ከታች ወደ ሰሜን ከሚወጣው ጋር በዚያ አካባቢ ይገናኛል፤ በሚገናኙበት ስፍራ ትንንሽ ዓሦች ይሰበሰባሉ፣ ትልልቆቹም እነርሱን ተከትለው ይመጣሉ። ይህን ሲነግረኝ እርስዎ ከጎኔ ቢሆኑ ከእኔ ይልቅ ስንት ጥያቄ ይጠይቁት እንደነበር አሰብሁ።

አጠማመዱ እርስዎ ከሚያውቁት እጅግ የተለየ ነው። እርስዎ መንጠቆ ጥለው በትዕግሥት ይጠብቁ ነበር፤ እዚህ ግን ጀልባዋ በሰባትና በስምንት ኖት ፍጥነት ትሄዳለች፣ ከግራና ከቀኝ በተዘረጉ ረጃጅም ዘንጎች ላይ የታሰሩት ክሮች የጎማ ማባበያ ይዘው ከኋላዋ አረፋ ውስጥ ይጎተታሉ። የሞተሩ ነጭ አረፋ ዓሣን የሚያባርር ይመስለኝ ነበር፤ ነገሩ ተቃራኒው ነው፤ ትልቁ አዳኝ ዓሣ አረፋውን እንደ ተደናገጠ የዓሣ መንጋ ያየዋል፣ ጠጋ ብሎም ያጣራል።

የመጀመሪያውን ቀን እኩሌታ በማቅለሽለሽ አሳለፍሁት። መድኃኒቱን የወሰድሁት ከተነሣን በኋላ ነበርና አልረዳኝም፤ በማግሥቱ ማታውን ወስጄ፣ ጠዋት ዝንጅብል አኝኬ፣ ዓይኔን ከአድማስ ሳላነሣ በመዋሌ ምንም አልሆንሁም። እርስዎ በሕይወትዎ አንድ ቀን እንኳ ባሕር እንዳልመታዎት ስለነገሩን ይህን ለእርስዎ ሳይሆን ለእኅቴ ስል ጽፌዋለሁ፤ ልታስብ ትችላለች።

ከቀትር በኋላ ግን ከኋላችን አንድ ጥቁር ቀጭን ነገር ከውኃው ብቅ አለ። ሴይልፊሽ ይሉታል፤ አፉ እንደ ጦር የሾለ፣ በጀርባው ላይ ያለው ክንፍ እንደ መርከብ ሸራ ተዘርግቶ የሚቆም ዓሣ ነው። በጦሩ ማባበያውን ሁለት ሦስት ጊዜ መታ መታ አደረገው። ከሠራተኞቹ አንዱ ማባበያውን አስወጥቶ እውነተኛ ዓሣ የታሰረበትን መንጠቆ አቀረበለት፤ ዘንጉን ለእኔ ሰጠኝና «አትሳብ፣ ይውሰደው» አለኝ። መንጠቆው ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈ ክብ ዓይነት ነው፤ ክሩ በዝግታ ሲከር ብቻ በአፉ ጥግ ላይ ይያዛል እንጂ ሆዱ ውስጥ አይገባም። እኔ ያደረግሁት ነገር ቢኖር እጄን መቆጣጠር ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን በቃል ለመናገር እቸገራለሁ፤ ዓሣው ሙሉ ሰውነቱ ከውኃ ወጥቶ በጅራቱ ቆሞ ራሱን ሲያራግፍ፣ ጎኑ ላይ ሰማያዊ ሽንትር እንደ መብራት ሲበራና ሲጠፋ አየሁ። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ጀልባዋ አጠገብ ሲደርስ ክንዶቼ ይንቀጠቀጡ ነበር።

አባባ፣ አሁን የምጽፈው እርስዎ እንደሚጠይቁኝ የማውቀውን ነው። ሐዋሳ አሞራ ገደል አብረን የቆምን ጊዜ «የማትበላውን አትያዝ» ብለውኛል። ያንን ሴይልፊሽ አልበላነውም። ከውኃ ሳይወጣ ጦሩን ጓንት በለበሰ እጅ ይዘው፣ በትከሻው ላይ ቁጥር ያለው ቀጭን መለያ ተከሉበት፤ ዋታሙ የሚገኘው የአፍሪካ ቢልፊሽ ፋውንዴሽን የሚባል ድርጅት ቁጥሩን ይመዘግባል፣ ሌላ ሰው በሌላ ስፍራ ሲይዘው የት እንደተጓዘና ምን ያህል እንዳደገ ይታወቃል። ከዚያ ካፒቴኑ ጀልባዋን በዝግታ ወደ ፊት እየነዳ፣ ውኃ በስንጥቡ እንዲያልፍለት አድርጎ፣ ብርታቱ ሲመለስ ለቀቁት። እኔ ይህን ሳይ ልቤ ለሁለት ተከፈለ። ዓሣው የደከመው ለእኔ ደስታ እንደሆነ አልክድም፤ በሌላ በኩል ደግሞ ያንን ዓሣ በመረብ የሚያወጣው ትልቅ የንግድ መርከብ መለያ አይተክልለትም፣ አይለቀውም። ሕሊናዬ እስካሁን ሙሉ በሙሉ አላረፈም፤ የእርስዎን ፍርድ በቃልዎ መስማት እፈልጋለሁ፤ ለዚህም ጭምር ነው አብረውኝ ቢሄዱ የምመኘው።

የሁለተኛው ቀን ቱና ግን ለመብል ነበር፣ በዚያ ላይ ቅሬታ የለኝም። ቢጫ ክንፍ ያለው ዓይነት ነው። ቱና ከብዙ ዓሦች በተለየ ሰውነቱን ከውኃው ይልቅ ያሞቃል፤ ወዲያው ደሙን ሲያፈስሱት እጄን በሥጋው ላይ አድርጌ ሙቀቱ ተሰማኝ፣ ተገረምሁም። ደሙ ካልፈሰሰና ቶሎ በረዶ ውስጥ ካልገባ ሥጋው ውስጥ ሰውን የሚያሳምም ነገር ይፈጠራል፤ ያ ደግሞ ሲቀቀልም አይጠፋም። ማታ ሠራተኞቹ በኮኮናት ወተት ሠርተው አበሉን፤ እኔ ግን በቃሪያና በነጭ ሽንኩርት ለብለብ ተደርጎ በእንጀራ ቢቀርብልኝ እመርጥ ነበር።

ማርሊን ስለሚባለው ትልቅ ዓሣ ሳልነግርዎት ብቀር ይቆጨኛል። በሦስተኛው ቀን ማለዳ፣ ከሴይልፊሹ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ዓሣ የቀኙን ክር ወሰደ፤ ካፒቴኑ ጦሩን አይቶ ጥቁር ማርሊን ነው አለ። ከዚህ ዘር እስካሁን በዘንግ ከተያዙት ሁሉ ትልቁ በ1953 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በፔሩ የወጣው ነው፤ 707 ኪሎ ይመዝን ነበር። የእኛው ስንት ይሆን እንደነበር መቼም አላውቅም፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። ክሩ እየጮኸ ሲሮጥ ደነገጥሁና የክሩን ማጥበቂያ አጠበቅሁት። በአንድ ቅጽበት ዘንጉ ቀና አለ፣ ክሩም ባዶውን ተንሳፈፈ። ልጅ ሳለሁ «የሚሮጥን ዓሣ አታቁመው፣ ራሱ ይደክማል» ብለው የነገሩኝን ካጠፋሁ በኋላ አስታወስሁት። ማንም አልወቀሰኝም፤ ካፒቴኑ ሌላ ማባበያ አስሮ ክሩን ጣለ።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። እርስዎ ዘንግ እንዲይዙ አልጠይቅም። የካፒቴኑ መንበር አጠገብ ጥላ ያለው፣ ድጋፍ ያለው ወንበር አለ፤ ከዚያ ሆኖ ባሕሩም ሞተሩም ይታያል። ሙሉ ቀን ሳይሆን ግማሽ ቀን ብቻ እንወጣለን፤ በየካቲት አካባቢ ባሕሩ ከኅዳር ይልቅ የተረጋጋ እንደሆነ ካፒቴኑ ነግሮኛል፣ ነፋስ ከበረታም አንወጣም። ለግራ ጉልበትዎ ያሳሰበኝ ከማረፊያው ወደ ጀልባዋ መሸጋገሪያው ነበር፤ ማዕበሉ ዝቅ ባለበት ሰዓት ሁለት ሰው ደግፎ እንደሚያሻግርዎት ተስማምተናል። የደም ግፊትዎን ነገር ሐኪምዎ መርምሮ ሳይፈቅድ ትኬት አልቆርጥም። ለኬንያ ቪዛ አንጠየቅም፤ ፓስፖርትዎ ግን ጊዜው አልፏልና ለማሳደስ ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ እኔ ዘንድ ያርፋሉ፣ የቢጫ ወባ ክትባቱንም በዚያው እንጨርሳለን። ወጪው የእኔ ነው፤ በዚህ ላይ እንዳይከራከሩኝ እለምንዎታለሁ።

ጊዜውን የመረጥሁት አስቤ ነው፤ የነነዌ ጾም ጥር 27 ያበቃል፣ ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ይገባል። የካቲት ለእርስዎ ምን ዓይነት ወር እንደሆነች አውቃለሁ። በ1982 በዚያ ሰሞን በጦርነቱ ምጽዋ ላይ የቀሩትን ጓደኞችዎን በየዓመቱ በዝምታ ሲያስቡ አይቼ አድጌያለሁ፤ እማዬ በሕይወት ሳለች ሬዲዮኑን ዝቅ አድርጋ በሩን ገርበብ ታደርግልዎት ነበር። ከዚያ ወዲህ እርስዎ ባሕር አላዩም። በዚያው ሰሞን መሄዱ የሚከብድዎት ከሆነ ይጻፉልኝ፣ ከፋሲካ በፊት የነበረውን ትተን ሌላ ዓመት እንመርጣለን። ነገር ግን ሦስቱንም ቀን ካፒቴኑ መሪውን ሲያዞር፣ ሞተሩ ድምፅ ሲለውጥ፣ ከአጠገቤ ባዶ የሆነው ወንበር የእርስዎ እንደነበር ሲሰማኝ ነው የዋልሁት።

የሄዱ ጊዜ አልጋ ሥር የተዉትን የቆርቆሮ ሳጥን ባለፈው ሳምንት ከፍቼዋለሁ። ክሩ በስብሷል፤ መንጠቆዎቹ ግን ከዝገት በቀር ደህና ናቸው፣ በነጭ ጋዝ ጠርጌ የሞተር ዘይት ቀብቼ በጋዜጣ ጠቅልያቸዋለሁ። አሥራ አንድ ናቸው። በትልቁ ላይ ያለው የመዳብ ሽቦ በማን እጅ እንደታሰረና አሁንም ይሠራ እንደሆነ በሚጽፉልኝ መልስ ውስጥ ይንገሩኝ፤ እስከዚያ አልፈታውም።

አክባሪ ልጅዎ